ጋሽ ጀቤሳ ያልቆረጡት ጣውላ

በየሰፈሩ ሶፋውን ከነላስቲኩ የሚያስረጅ አንድ ሰው አለ። ላስቲኩ ይቀደዳል፣ በፕላስተር ይለጠፋል፣ ሶፋው ግን የሰው ገላ ሳይነካው ዘመኑን ይጨርሳል። ከቡፌ ወርዶ የማያውቅ ብርጭቆ፣ ባለቤቱ እስኪወፍር ድረስ ተሰቅሎ የቀረ ሙሉ ልብስ፣ እነዚህ ሁሉ የዚሁ ሰው ንብረቶች ናቸው። ለምን አትጠቀምበትም ብትሉት መልሱ አንድ ነው፤ "ለደህና ቀን ነው።" ደህናው ቀን መቼ እንደሚመጣ እሱም አያውቅም፣ እኛም ጠይቀነው ደክሞናል።

አዳማ ላይ፣ በእኛ ሰፈር፣ የዚህ ወገን ሊቀ መንበር ክቡር ጋሽ ጀቤሳ ናቸው። ከእኔ ጋር አንድ አጥር ይለየናል። አናጺ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩ ልጆች ሜዳ ላይ ቀስት የሚማሩበትን ደጋን ሁሉ የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። ከወይራ ይሠራሉ፣ ከሐሮሬሳም ይሠራሉ። ሐሮሬሳ ሽማግሌዎቻችን ለዱላ የሚመርጡት፣ ቢጎብጥ እንጂ የማይሰበር የቆላ እንጨት ነው። በዚህ በኩል እጃቸው አይሰስትም። ደጋኑ የተሰበረበት ልጅ እያለቀሰ ከመጣ ሌላ ይዞ ይሄዳል።

የውጭ እንጨት ላይ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። የጅቡቲ መንገድ በከተማችን ስለሚያልፍ፣ ማሽን ታሽጎ የሚመጣበት የሳጥን እንጨት አይጠፋም። ሌላው ሰው ያነደዋል፣ ወይም የዶሮ ቤት ይመታበታል። ጋሽ ጀቤሳ ግን በጣታቸው አንኳኩተው ጆሯቸውን ይለጥፉበታል፣ በምላሳቸው ጫፍ ይቀምሱታል፣ ከዚያም እንደ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠርገው ዜግነቱን ይወስናሉ። ጄኔሬተር የመጣበት ከሆነ "ጃፓን" ነው፤ የልብስ ስፌት ማሽን የመጣበት ከሆነ "ጣሊያን" ነው። ዛፉ ሌላ አገር በቅሎ ሊሆን ይችላል ብትሏቸው፣ "ጃፓንን የሚያህል አገር ዕቃውን በሰው እንጨት ይጠቀልላል?" ብለው ይቆጧችኋል።

ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ጣውላ ያመጣላቸው ኢሊያስ ነው። ኢሊያስ የተሳቢ ሹፌር ነበር፤ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ከሞተሩ የሚበልጥ። አንድ ቀን ከጅቡቲ ሲመለስ ጣውላውን ለብቻው ተሸክሞ ግቢያቸው ገባ። ጥቁር ቀይ፣ ከባድ፣ ሚስማር የማይበሳው እንጨት ነው።

"ጋሼ፣ ልጄ ሑስና ቀስት ጀምራለች። ከዚህ አንድ ደጋን ይሥሩላት። ሌላ ምንም አልፈልግም" አላቸው።

ጋሽ ጀቤሳ ጣውላውን ቀመሱት። አንኳኩተው ጆሯቸውን ለጠፉበት።

"ጃፓን ነው" አሉ በመጨረሻ፤ "ለሑስና ከሆነማ በችኮላ አይነካም፤ መጀመሪያ በደንብ ይድረቅ።"

"እሷን ላምጣትና ይለኳት?"

"ልጅ ናት፤ ዛሬ ብለካት ለከርሞ ያጥራታል።"

"እንግዲያው እኔን ይለኩኝ። ቁርጥ እኔን ነው የምትመስለው፣ ስታድግ ይህንን ታህላለች" አለና እየሳቀ ሁለት እጁን ዘረጋ። እሳቸው ግን ቀልድ አያውቁም፤ ሲባጎ አምጥተው ከጣት እስከ ጣት ለኩት። ወፍራም የሐሮሬሳ ደጋን ሰጥተውም እስከ ጆሮው እንዲስብ አደረጉት፣ የጉልበቱን ልክ ለማወቅ። ኢሊያስ ያንን ደጋን እንደ መጋረጃ ገመድ ሳበው።

ከዚያ በኋላ ጣውላው ጋቢ ለበሰ። እውነቴን ነው፤ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው ብለው በገዛ ጋቢያቸው ሸፈኑት፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺዓለም ደግሞ ጋቢው ስለሌለ በሐምሌ ቅዝቃዜ ብርድ ልብስ ደርበው ተኙ። አንድ የሻሸመኔ ነጋዴ ሊያየው ቢመጣ፣ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ጫማውን አውልቆ እንዲገባ ተደረገ። እንዲህ ዓመታት ሲያልፉ፣ ኢሊያስ በመጣ በሄደ ቁጥር መኪናውን ዳር አቁሞ፣ ከአጥሩ ውጭ ይጮሃል።

"አካም ጋሼ! ደረቀ?"

"ሱታ! ቀስ በል፣ ገና ነው።"

"ጋሼ፣ ኧረ ልጅቷ ልታገባብኝ ነው!"

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

"የእርስዎማ እንቁላል ሄዶ፣ ዶሮ ሆኖ፣ ታርዶም ተበላ እኮ!"

እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ እስቃለሁ። ሑስና በዚያ ሁሉ ጊዜ በተራ ደጋን ትለማመድ ነበር። ጋሽ ጀቤሳ ለምን እንደሚያዘገዩ አንዴ ጠይቄያቸው፣ ለሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ገና ዱሮ እንደሚቆርጡት ነገሩኝ። ኢሊያስን እንደ ልጃቸው ይወዱታል። የሚወዱትን ሰው ነገር ደግሞ አሳምረው ካልሆነ አይነኩም፤ አሳምሮ ለመሥራት የሚሆን ቀን ግን አልመጣላቸውም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ከስስት ይልቅ ፍርሃት ነው የሚይዛቸው። ውድ ነገር አንዴ ከተቆረጠ አይቀጠልም።

ባለፈው ሰኔ ኢሊያስ መተሐራን አልፎ ተሳቢው ተገለበጠና ሞተ።

ድንኳን ውስጥ ጋሽ ጀቤሳ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ምግብ ሲቀርብላቸው በእጃቸው መለሱ። የኢሊያስ ባለቤት ፎዚያ እሳቸውን ስታይ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ልትወቅሳቸው አልነበረም፤ ያስደስታቸው መስሏት ነው የነገረቻቸው።

"ጋሼ፣ በዚያ ጠዋት ሲወጣ እንኳ ስለ ደጋኑ ነበር የሚያወራው። 'ዘንድሮ ይቆርጡታል፣ ወላሂ ዘንድሮ አይቀርም' እያለ።"

ጋሽ ጀቤሳ ተነሡ። ከድንኳኑ ወጥተው በእግራቸው ቤታቸው ገቡና፣ ያን ከሰዓት የመጋዝ ድምፅ ሰማሁ። ባጥሩ ብመለከት ጋቢው መሬት ላይ ተጥሏል። ያንን እንጨት እየቆረጡ ያለቅሱ ነበር፤ እንባቸውንም አልጠረጉም። እኔም ያን ቀን አንድም ቀልድ አልመጣልኝም። አዘንኩላቸው፣ ለኢሊያስም አዘንኩ፣ ለዚያ ሁሉ ለባከነ ቀንም አዘንኩ።

ደጋኑ አልቆ ወደ ሑስና ቤት ሲወስዱት እኔም አብሬያቸው ሄድኩ። መያዣው ጥቁር ቀይ፣ ክንዶቹ በብርጭቆ ወረቀት ተፈትገው እንደ ቆዳ የለሰለሱ ነበሩ። ከእጃቸው ወጥቶ ካየሁት ሥራ ሁሉ ይህን የሚያክል የለም። ሑስና ግቢው መሃል ቆማ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው። አገላብጣ አየችው፣ አሸተተችው፣ ከዚያ እግሯን አስተካክላ ሳበች።

ገመዱ ስንዝር ያህል እንኳ አልመጣም። እንደገና ሳበች። ክንዷ ተንቀጠቀጠ፣ ፊቷ ደም መሰለ፣ ደጋኑ ግን እምቢ አለ።

ጋሽ ጀቤሳ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። የሠሩት በዚያ በሲባጎው ልክ ነበር። በሐዘናቸው መሃል ልጅቷን መለካት ጨርሶ ትዝ አላላቸውም፤ በእጃቸው የነበረው ልክ የአባቷ ብቻ ነው።

"አባትሽን ለክቼ ነው የሠራሁት! አንቺን ሳላይ! አምጪው ልጄ፣ አሁኑኑ ልላገው። ሆዱን ባሳሳው ይለዝብልሻል" ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ሑስና ደጋኑን ደረቷ ላይ አቀፈችው።

"አይላግ ጋሼ። ይሄ የአባቴ ጉልበት ነው። እኔ እደርስበታለሁ።"

ጋሽ ጀቤሳ ደጃፉ ላይ ተቀመጡና፣ ሽማግሌ እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፣ ድምፃቸውን አውጥተው አለቀሱ። ፎዚያ ትከሻቸውን ይዛ አብራ አለቀሰች።

አሁን ሑስና በየቀኑ ትስበዋለች። እሳቸውም ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳው ዳር በርጩማ ይዘው ይቀመጡና የገመዱን መምጣት በዓይናቸው ይለካሉ። ዕድሜያቸው ሄዷል፤ ደረታቸውም ከክረምቱ ወዲህ ደህና አይደለም። በአጥሩ በኩል ሳላቸውን በሰማሁ ቁጥር ሥራዬን አቁሜ፣ ያ ገመድ ጆሮዋ ጋ እስኪደርስ ድረስ እባክህ ፈጣሪ፣ ጋሽ ጀቤሳን አቆይልን እላለሁ።