ክላይቭ ከመቶ ወንድ ስንተኛ ነው?

ረጅም ሰው ስለ ቁመቱ አያወራም፤ የበሩ ጉበን ግንባሩን ሲመታው ይበቃዋል። አጭር ሰውም ከጊዜ በኋላ ይለምደዋል፣ ይቀልድበታል፣ ይገላገላል። ዓለምን የሚያምሰው መካከለኛው ነው። ትንሽ ቢያገኝ ረጅም፣ ትንሽ ቢያጣ አጭር የሚባለው እሱ ስለሆነ ሰላም የለውም፣ ለሌላውም አይሰጥም። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ለእኛ ለዓሣ አጥማጇ ከተማ ለፖርት ሊንከን ሰዎች የደረሰን ክቡር አቶ ክላይቭ ፔንሮዝ ነው፤ አንድ አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤቴ።

ክላይቭ ሰው ሲተዋወቅ እጁን ይዘረጋል፣ ዓይኑ ግን በሰውየው አናት ላይ ነው። ስምህን ተናግረህ ሳትጨርስ "መቶ ሰማንያ ሦስት ሴንቲሜትር። ከመቶ ወንድ ሰማንያ አራቱን በልጠሃል" ይልሃል። የአገሩ ጎልማሳ ወንድ ሁሉ በቁመት ቢሰለፍ ማን የት እንደሚቆም በቃሉ ያውቀዋል። ለማንም አንዲት ሚሊሜትር አይጨምርም። የሽማግሌው መርቭ ቀብር ላይ ሬሳ ሳጥኑ በፊታችን ሲያልፍ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "አየህ፣ መቶ ሰባ አምስት ነኝ ሲል የኖረው ውሸቱን ነው" አለኝ። ሚስትየዋ ሰማች። ይቅርታ የጠየቅሁት እኔ ነኝ።

ስለ ራሱ ከጠየቅኸው መልሱ አንድ ነው፦ "መቶ ሰባ ስምንት። ከመቶው ስድሳውን በልጫለሁ።" ይህን ሲል ደረቱን ይነፋል።

እዚህ ከተማ በጥር ቃጠሎ ወጣቱ በባዶ እግሩ ገበያ ይወጣል፣ ባንክ ይገባል። ክላይቭ ግን ታኮው ከፍ ያለ ቦት ጫማውን አያወልቅም። ሐኪም ቤት እንኳ "ሚዛን ላይ ውጣ፣ ጫማህን አውልቅ" ሲሉት፣ ክብደቴን እንጂ ጫማዬን አትንኩ ብሎ ወጥቷል አሉ። ነገሩን ያስረዳኝ አንድ ቀን ቢራ ይዘን ተቀምጠን ነው። በቁመት ሰልፉ ዳርና ዳር ላይ ሰው የለም፣ ገበያው መሃሉ ነው፣ ሁሉም እዚያ ተጋፍቷል አለኝ። መሃል ላይ ያለ ሰው አንዲት ሴንቲሜትር ካገኘ አምስት ስድስት ሰው ይዘላል። እኔም በሆዴ የታኮውን ቁመት፣ ከውስጥ የተነጠፈውንም ስፖንጅ ደመርኩና ስድስት ሴንቲሜትር አገኘሁ። ጫማው ቢወልቅ ሰውዬው ሠላሳ ሰው ወደ ኋላ ይወርዳል ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር አሳዘነኝ።

ታዲያ አንድ ልጁ ብሮንዊን ልታገባ ሆነ። እሷ በሟች እናቷ ወጥታ ለግላጋ ናት። እጮኛዋ ዩሬ ደግሞ ቱና ዓሣ ከሚያጠምዱት የክሮኤሺያ ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ ነው፤ የእነሱ ዘር በር ሲገባ ሁልጊዜ ጎንበስ ይላል። ክላይቭ አማቹን ገና ከበሩ ለክቶ ጨርሶ፣ ያልተወለዱትን የልጅ ልጆቹን ከመቶው ዘጠና ላይ ሰቀላቸው። ደስታው ልክ አልነበረውም። ብሮንዊን ግን ሠርጉ ባሕር ዳር አሸዋው ላይ እንደሆነና ሰው ሁሉ በባዶ እግሩ እንደሚሆን ስትነግረው ፊቱ አመድ መሰለ።

ሙሽራዋን ክንዷን ይዞ ወደ ሙሽራው የሚወስዳት አባቷ ነው። በአጥሩ ላይ ጠራኝና አሸዋው ወደ ውኃው ስለሚያዘቀዝቅ እሱ በላይ፣ ሙሽራዋ በታች ሆነው ቢሄዱ ምን ይመስልሃል አለኝ። ልጅህን ማዕበል ውስጥ ልታስኬዳት ነው ወይ አልኩት። ጉድ እኮ ነው፣ አሰበበት። በመጨረሻ ለልጅቱ የእግር ጣት ሪህ ተነስቶብኛል፣ አጎትሽ ይውሰድሽ ብሎ አረፈው። አጥራችን ዝቅ ያለ ስለሆነ ሁሉንም ሰማሁ። ብሮንዊን ወደ ቤት ገባች። ተመልሳ ስትወጣ የሠርጉን ሱሪ ይዛ ጭኑ ላይ ጣለችለት።

"አባዬ፣ እማዬ ከሞተች ወዲህ ሱሪህን የሚቀመቅመው ማን ነው?"

"አንቺ ነሽ።"

"ታኮው እንዳይታይ ሁልጊዜ አስረዝሜ የምሰፋው ለምን ይመስልሃል? መቶ ሰባ ሁለት መሆንህን ድሮም አውቃለሁ። ይሄኛውን ለባዶ እግር ነው የቀመቀምኩት። አጎቴን አልፈልግም። ካልመጣህ ብቻዬን ነው የምሄደው።"

ክላይቭ የሱሪውን ጠርዝ በጣቱ ለካ።

"መቶ ሰባ ሁለት ተኩል" አለ።

የሠርጉ ዕለት ወደ አሸዋው ከሚያወርደው የእንጨት ደረጃ ሥር የጫማ ክምር ነበር። ክላይቭ ለመሰቀል እንደተዘጋጀ ሰው ቁጭ ብሎ ቦቶቹን አወለቀና ተነሳ። ማንም አላየውም። ወንዱ ሁሉ በራሱ ጉድ ተጠምዶ ነበራ! የእግር ኳስ አሠልጣኙ ከታኮው ወርዷል፣ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ወርዷል፣ ቄሱ እንኳ ሦስት ጣት ያህል ጎድለዋል። ክላይቭ ዓይኑን ከአናት አናት ሲያዞር ቆየና፣ "ሁላችሁም?" አለ በሹክሹክታ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኛ ዘንድ የጠራው ጫማ ሲወልቅ ነው። ምስኪኑ ዕድሜውን ሙሉ በአገሩ ሰልፍ ላይ ባዶ እግራቸውን ከተለኩ ወንዶች ጋር ራሱን በታኮ ሲያወዳድር ኖሯል። የከተማችን ሰልፍ ግን እንዳለ ወረደ እንጂ ብዙም አልተዛነፈም።

ያልወረዱት እነ ዩሬ ብቻ ናቸው፤ ቀድሞውንም የመጡት በነጠላ ጫማ ነው። የዩሬ አባት አንቴ ክላይቭን ከላይ እስከ ታች አየው። በዚህ ከተማ ጀልባ ሁሉ ላይ የዓሣ መለኪያ ተለጥፏል፤ ቁመቱ ያልሞላ ዓሣ ወደ ባሕር ይጣላል።

"ክላይቭ ወንድሜ፣ ዓሣ ብትሆን ኖሮ እንመልስህ ነበር።"

 እኔ አሁን ጫማውን አንስቶ ይሄዳል አልኩ። ክላይቭ ግን የብሮንዊንን ክንድ ያዘ።

"ብትመልሱኝ ልጄን ይዤ ነው የምመለሰው።"

አንቴ ሳቁን ለቀቀው፣ እቅፍም አደረገው። ክላይቭም ልጁን ይዞ ወደ ውኃው ዳር ወረደ፤ በዝቅታው በኩል የሄደው እሱ ነው። እንባው እየወረደ ስለነበር የዚያን ቀን ማንንም ሲለካ አላየሁትም።

በኋላ ቋሊማው ሲጠበስ ጎትቶ ወሰደኝና ከአንቴ ወንድሞች ጋር አስተዋወቀኝ። ምሰሶ የሚያህሉ ሰዎች ናቸው፤ ሊያዩኝ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ቁመቴ መቶ ስድሳ ስድስት ነው፤ ከመቶው ሰባት ሰው ብበልጥ ነው። ባዶ እግሬን ክላይቭ አጠገብ ቆሜ አናቴ ግንባሩ ጋ እንኳ በቅጡ አይደርስም። ክላይቭ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ።

"ጎረቤቴ ነው" አላቸው። "ቁመታችን እኩል ነው።"

ሁሉም እያየ ነው፣ ማንም አልተከራከረም። እኔም አንገቴን ቀና አደረግሁ።