አያ ሞላ ደግ የሆኑብኝ ቀን

ከበሽታ የባሰ የሚያስፈራ ነገር ቢኖር የቁጡ ዘመድ ደግነት ነው። በእኛ አገር ክፉ ወሬ ለበሽተኛው አይነገርም፤ ሐኪሙ አስታማሚውን በር ላይ ጠርቶ ያንሾካሹክለታል። በሽተኛውስ? ከአስታማሚው ፊት ያነባታል እንጂ ምን ያድርግ!

ሸሕዲ ላይ፣ የሰሊጥ አጨዳ በተጧጧፈበት ሰሞን፣ ዓይኔ ቢጫ ሆነ፤ ጎኔን ወጋኝ፤ ትኩሳት አንቀጠቀጠኝ። የሐሞት ቱቦህን ጠጠር ዘግቶታል አሉና በሪፈር አዲስ አበባ ላኩኝ። ያስታመሙኝ የሚስቴ ታላቅ ወንድም አያ ሞላ ናቸው። ትራክተራቸውን ከሰው የሚያስበልጡ ሰው ናቸው። እኔንማ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ «አንተ ሰነፍ» ነኝ። እህታቸው እያለቀሰች ባትለምናቸው ኖሮ ሰሊጣቸው እየረገፈ እኔን ብለው ይመጡ ነበር?

አዲስ አበባ ሆስፒታል እንደተኛሁ ዶክተሩ በር ላይ ጠርቶ አንሾካሾከላቸው። ተመልሰው ብርድ ልብሱን እስከ አንገቴ ሳብ አደረጉልኝና «አይዞህ ወንድሜ» አሉኝ።

ወንድሜ! በቃ፣ አለቀልኝ። ሆድህ ሳይቀደድ፣ በአፍህ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ጠጠሩን እናወጣለን፤ ሐሞቱ እንዲፈስም ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ እንተውልሃለን ብሎ ዶክተሩ ቢያስረዳኝም ማን ሊያምነው? ለሚድን ሰው አያ ሞላ እግር ያሻሉ? እግዜር ያሳያችሁ፣ እግሬን አሹልኝ! ልጆቼ ድቅን አሉብኝና አለቀስሁ።

ኃጢአቴን ይዤ አልሞትም ብዬም ተናዘዝሁ። ካቻምና እሳቸው ለቅሶ ሲሄዱ ትራክተራቸውን ሰርቄ የነዳሁት እኔ ነኝ። ዘይቱን ሳላይ አስነሥቼ ሞተሩን ያቃጠልሁትም እኔ። ሾፌሩ «አንተ ነህ» ተብሎ ሲባረር ግን ዝም አልሁ፤ ምስኪኑ ዛሬ አብደራፊ ሄዶ የሰው ትራክተር ይነዳል።

ፊታቸው ከሰል መሰለ። የግንባራቸው ሥር ተገተረ። ከዚያ እንደምንም ዋጥ አድርገው «ግድ የለም፤ አንተ ብቻ ዳንልኝ» አሉ። ይሄኔማ ከፈኑ የተገዛ መሰለኝ። ወደ ሕክምናው ክፍል አስገቡኝ።

በመርፌ አስተኙኝ። ስነቃ ጠጠሩ ወጥቷል። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ጠፋ፤ ዓይኔም መጥራት ጀመረ። ዶክተሩ መጥቶ አየኝና የተውነው ቱቦ በቀጠሮህ ቀን ይወጣል፣ ምንም አያሰጋህም አለኝ። ወደ አያ ሞላም ዞሮ፣ ያን ዕለት በጣም ፈርቶ ስላየሁት ነው «እስኪሻለው አያስደንግጡት» ያልሁዎት፤ አደራዬን ስለጠበቁ አመሰግናለሁ አላቸው።

አያ ሞላ ቀስ ብለው ተነሡ። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡና እጅ ነሥተው ጠየቁት፦

«ዶክተር፣ እንግዲህ ካሁን ወዲያ ማስደንገጥ ይቻላል?»