ከመጠን በላይ የተረጋጋው ክሎሪን

«የተረጋጋች ልጅ» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስባል ነው የኖርኩት። አስተማሪ ይላል፣ ጎረቤት ይላል፣ ጊዮርጊስ ደጅ የሚያገኙኝ የእናቴ ወዳጆችም ይላሉ። ምስጋና ይመስላል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን «ስለ እሷ የምንለው ሌላ ነገር አጣን» ማለት ነው። ሰው ፊት ስቆም አፌ ይያዛል። አፌ ሲያዝ ዝም እላለሁ። ዝም ስል ተረጋጋች ይላሉ። ውስጤን ቢያዩት የራስ መኮንን ድልድይ የሰኞ ጠዋት የታክሲ ግፊያ ነው።

ይህን ቃል በደንብ ያወቅሁት ግን ከሰው አይደለም፤ ከመዋኛ ገንዳ ነው። ቆይ፣ እነግራችኋለሁ።

ጊዜው የደርግ ነው፤ ኬሚስትሪ ተምሬ ስጨርስ የመንግሥት የሥራ ምደባ ወጣ። ጓደኞቼ በየአገሩ ተበተኑ፤ አንዷ ስኳር ፋብሪካ፣ አንዷ አሥመራ፣ አንዷ ስሙን በካርታ ፈልገን ያጣነው ከተማ። እኔ ከቤቴ የሃያ ደቂቃ መንገድ ደረሰኝ። ሁሉም «ዕድለኛ» አሉኝ። እነሱ ሄዱ፣ ዕድሌና እኔ ፒያሳ ቀረን።

መሥሪያ ቤቴ ከድልድዩ ከፍ ብሎ ያለ መዋኛ ነበር። ድሮ የውጭ አገር ሰዎች ክበብ ነበር፤ ተወርሶ የሠራተኞች መዝናኛ ሆነ። ሥራዬ በቀን ሦስት ጊዜ ውሃ በብልቃጥ መቅዳት፣ ጠብታ መጨመር፣ የወጣውን ቢጫ ቀለም ከካርድ ጋር አስተያይቶ «ክሎሪን በቂ ነው» ብሎ መጻፍ ነው። በቀረው ሰዓት ከደረጃው ሥር ባለችው ክፍሌ መጽሐፍ አነባለሁ። መዋኘት አልችልም። አትሳቁ፤ የልብ ሐኪም ሁሉ የልብ ሕመም አለበት እንዴ?

የማወራው ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነበር። ጋሽ አሰፋ ይባላሉ፤ የገንዳው ጠባቂ ናቸው። ክበቡ የውጭ ሰዎች ሳለ ጀምሮ እዚያው ናቸው። ረጅም እንጨት ላይ የታሰረ ብሩሽ ይዘው፣ በፕላስቲክ ጫማቸው ገንዳውን ሲዞሩት ይውላሉ። ነጭ ጋወን ስለምለብስ «ዶክተር» ይሉኛል።

ጠዋት ስገባ «ዶክተር፣ ታማሚያችን እንዴት አደረች?» ይላሉ፤ ገንዳውን ማለታቸው ነው።

«ደኅና ናት ጋሽ አሰፋ።»

«አንቺስ?»

«እኔም ደኅና ነኝ።»

አለቀ። ምን ይህ ወሬ ነው ትሉ ይሆናል። ግን ቀኑን ሙሉ «አንቺስ?» የሚለኝ ሌላ ሰው አልነበረም። እሑድ እሑድ መዋኛው ዝግ ስለሆነ ማንም አይጠይቀኝም፤ ስለዚህ እሑድ ደኅና መሆኔን በእርግጠኝነት አላውቅም ነበር።

አሁን ወደ ክሎሪኑ። ጋሽ አሰፋ ድሮ የሚጠቀሙት የበረኪና ዱቄት ነበር። ጠዋት ይበትኑታል፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ትበላዋለች። እኔ ከመጣሁ በኋላ ከውጭ አገር አዲስ ክኒን በበርሜል መጣ። በርሜሉ ላይ የተረጋጋ ክሎሪን ይላል። ከክሎሪኑ ጋር ከፀሐይ የሚያስጥለው ማረጋጊያ አብሮ አለበት፤ ጃንጥላ በሉት። ደስ አለኝ። እንደ እኔ «የተረጋጋ» የተባለ፣ የምስክር ወረቀት ያለው ወንድም የመጣልኝ መሰለኝ። በየቀኑ ክኒን አስጨመርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ።

አንድ ቀን አንድ የመምሪያ ኃላፊ ከገንዳው ደረጃ ላይ አንሸራቷቸው ወደቁ። ብዙም አልተጎዱም፤ ግን በሹፌራቸው ፊት ነበር የወደቁት።

ጋሽ አሰፋ ጠሩኝ። «ዶክተር፣ ገንዳችን ሸብቷል» አሉ።

«ምን ሆነ?»

«ሽበት። ነይ ንኪው።»

ጎንበስ ብዬ ከውሃው በታች ግድግዳውን ነካሁት። እንደ ተልባ ያሙለጨልጫል። ዐይን አያየውም፤ ውሃው መስታወት የመሰለ ነው። ያኔ አንድ ነገር ገባኝና አፈርኩ። ሁለት ዓመት ውሃውን በቀን ሦስት ጊዜ ስጠይቅ ግድግዳውን አንድ ቀን ነክቼው አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዐይን የማይታዩ ተሕዋስያን ውሃ ውስጥ ብቻቸውን ሲንሳፈፉ ክሎሪን ያገኛቸዋል። ግድግዳ ላይ ሲሰባሰቡ ግን ከገዛ አካላቸው ሙጫ አውጥተው ቤት ይሠራሉ፤ እላያቸው ላይ ጣሪያ፣ ጎረቤት፣ ሁሉም ነገር አላቸው። በእውነቱ ቀናሁባቸው። በወጣትነቴ ፒያሳ ላይ እንደ እነሱ ያለ ማኅበራዊ ኑሮ አልነበረኝም።

ግን ክሎሪኑ በቂ ሆኖ ሳለ ለምን ዝም አለ? ሣጥን ውስጥ ተረስቶ የነበረ ሌላ መመርመሪያ አወጣሁ። ውሃው ከመመርመሪያው ዱቄት ጋር ሲቀላቀል ይደፈርሳል፤ ድፍርሱን ከሥሩ ጥቁር ነጥብ ባለው ቱቦ ውስጥ ቀስ እያላችሁ ታፈሳላችሁ፤ ነጥቡ ቶሎ ከጠፋ ማረጋጊያው በዝቷል ማለት ነው። የእኔ ነጥብ ገና ማፍሰስ ስጀምር ጠፋ። ክሎሪኑ እያለቀ ሲሄድ ጃንጥላው አያልቅም። ውሃ በፈረቃ ስለነበር ገንዳውን አፍሰነው አናውቅም፤ የጎደለውን ብቻ እንሞላለን። ክሎሪናችን የሁለት ዓመት ጃንጥላ ታቅፎ ተቀምጧል። አለ፤ ቢጫ ሆኖ ይታያል፤ ግን ምንም አይሠራም።

ይህን ለመሥሪያ ቤታችን ኮሚቴ ሊቀመንበር በጽሑፍ አቀረብኩ። መናገር አልችልም፣ መጻፍ ግን እችላለሁ ብዬ።

ሐሙስ ስብሰባ ነበር። ሊቀመንበራችን ቀድሞ ልብስ ሰፊ የነበሩ፣ ቁም ነገረኛ ሰው ናቸው። ሪፖርቴን ጮክ ብለው አነበቡት። «ክሎሪኑ ከመጠን በላይ በመረጋጋቱ መሥራት አቁሟል።» ደግመው አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ ተረጋጋ የተባለው» አሉ፣ «ማንን ለማለት ነው?»

ቤቱ ፀጥ አለ። የዚያን ጊዜ ፀጥታ ዓይነቱ ብዙ ነበር፤ ይህኛው ሰው ሁሉ የገዛ ጫማውን የሚያይበት ነው።

«ሰፊው ሕዝብ በሚንቀሳቀስበት ሰዓት ክሎሪን የሚረጋጋበት ምክንያት ምንድን ነው?»

ጋሽ አሰፋ እጃቸውን አወጡ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ስሙ ነው። በርሜሉም ላይ አለ።»

«ጓድ አሰፋ፣ ወደ እርስዎ ልመጣ ነው» አሉ ሊቀመንበሩ። «መድኃኒቱ በቂ ነው ተብሎ በየቀኑ ተጽፏል። ግድግዳው ያሙለጨልጫል። መድኃኒቱ ካለ የጎደለው ብሩሽ ነው። ብሩሹን የሚይዘው ማነው?»

ጸሐፊው የጋሽ አሰፋን ስም መጻፍ ጀመረ። ከሥራ እንዲሰናበቱ የሚል ሐሳብ ነበር። እሳቸው ወደ እኔ አላዩም። ነገ ጠዋት ስገባ «አንቺስ?» የሚለኝ እንደማይኖር ታየኝ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ።

ማንም አልሰማም።

«ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሊቀመንበሩ ቀና አሉ። «መውጣት ከፈለግሽ ውጪ፣ ጓድ። ለዚህ ፈቃድ አያስፈልግም።»

ሦስተኛውን ቆሜ ነው ያልኩት። ምን ያህል እንደጮህኩ እኔ አላውቅም፤ ውጭ ይዋኙ የነበሩት ሰዎች ዳር ይዘው እንደቆሙ ግን በኋላ ነገሩኝ። «ክኒኑን ያስጨመርኩት እኔ ነኝ። እሳቸው በየቀኑ ይፈገፍጋሉ። ማረጋጊያው የክሎሪን ጃንጥላ ነው፤ አንድ ጃንጥላ ደግ ነው። ሠላሳ ጃንጥላ የታቀፈ ሰው ግን በየትኛው እጁ ይሠራል?»

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «እና ጃንጥላውን ቀምተን ወደ ሥራ እንመልሰው ነው የምትይው?»

«አዎ።»

«ታዲያ እንደዚያ ብለሽ አትጽፊም ነበር?» ሁለት ሳምንት ሰጡን። ካልተስተካከለ ሁለታችንም እንሰናበታለን።

ከግማሽ በላይ ውሃውን አፈሰስን። ማጣሪያውን አጠብን። የድሮው በረኪና ከመጋዘን ወጣ። ዱቄቱንና ክኒኑን አንድ ባልዲ ውስጥ እንዳያገናኟቸው ለጋሽ አሰፋ ነገርኳቸው።

«ቢገናኙ ምን ይሆናሉ?»

«ሊፈነዱ ይችላሉ።»

«እንደ እኔና እንደ አማቴ በይኛ» አሉ።

ሽበቱን ግን መድኃኒት ብቻ አይነቅለውም፤ መጀመሪያ ጣሪያውን በብሩሽ ማፍረስ ያስፈልጋል። ስለዚህ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዳ ውስጥ ገባሁ። ውሃው ጉልበቴ ላይ ይደርስ ነበር። ጎን ለጎን ሆነን ከደረጃው ሥር፣ ከመሰላሉ ጀርባ፣ ከየሥርቻው እየፈገፈግን ቀናት አለፉ። ጋሽ አሰፋ ስለ ሟች ሚስታቸው አወሩኝ። እኔም አወራሁ። ምን እንዳወራሁ አሁን አላስታውስም፤ ብዙ ስለነበረ ነው።

ሁለቱ ሳምንት ባለቀበት ቀን ሊቀመንበሩ መጡ። ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ደረጃውን ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው በአውራ ጣታቸው አሹት። እንደታጠበ ሳህን ጮኸ። ጋሽ አሰፋ በሥራቸው ቀሩ።

እንግዲህ ትምህርቱ ገባችሁ፤ ሰው ጃንጥላውን ጥሎ ይናገር፣ ይንቀሳቀስ። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ከወር በኋላ ደብዳቤ ደረሰኝ። ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተዛውሬያለሁ፤ መዝገብ ክፍል፣ ብቻዬን። ምክንያቱ ተጽፏል፦ «የተረጋጋች ሠራተኛ በመሆኗ።»

ለጋሽ አሰፋ ፒያሳ የምወደውን ኬክ ቤት ነገርኳቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያ ማኪያቶ እጠጣለሁ። «ቅዳሜ ብቅ እላለሁ፣ ዶክተር» አሉኝ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የለመድኩትን ጥግ ትቼ ባንኮኒው አጠገብ፣ ሰው መሃል ተቀመጥኩ። አንዲት ሴት መጥታ ፊት ለፊቴ ያለውን ወንበር ያዘች። «ሰው አለው?» አለችኝ። «የለውም» አልኩ። ወንበሩን አንሥታ ወደ ጓደኞቿ ይዛው ሄደች።

አሁን ብልህ ሆኛለሁ። «ሰው አለው?» ሲሉኝ «አለው» እላለሁ፤ ጮክ ብዬ። ውሸት አይደለም። ጋሽ አሰፋ ቅዳሜ ብቅ እላለሁ ብለውኛል። የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም እንጂ።