የዘይነባ እብጠት

ሰው የማይቀናበት ነገር የለም። እዚህ አሰላ በጎረቤቱ የቆርቆሮ አጥር የሚቀና አውቃለሁ። በቆጂ ብትወጡ ደግሞ ሯጭ የወለደ ሰው ሰላም አያድርም። እኔ የቀናሁት ግን በሰው እብጠት ነው። አትሳቁ። ወይም ሳቁና ስሙኝ።

ጎረቤቴ ዘይነባ ጨርቅ ትነግዳለች። ጡቷ ላይ ባቄላ የምታክል እብጠት አግኝታ ተመረመረች፤ ውጤት የምትቀበል ዕለት አብሬያት እንድገባ ለመነችኝ። ባለቤቴን በጡት ካንሰር ከቀበርኩ ዓመት አልሞላኝም፤ ሰፈሩ እንደ ሐኪም ያየኝ ጀምሯል።

ዶክተሩ ማስረዳት የሚወድ ወጣት ነው። እንዲህ ያለው እብጠት ስም የሚያገኘው ከምን እንደበቀለ ታይቶ ነው አለን፤ ከስብ የሚበቅል አለ፣ ጡትን ደግፎ ከሚይዘው ሥጋ የሚበቅል አለ። የእሷ ከደጋፊው ሥጋና ከወተት እጢው አንድ ላይ የበቀለ ነው። በእጅ ሲነኩት ይንሸራተታል፣ በአልትራሳውንድ ጠርዙ ጥርት ብሎ ይታያል፣ በመርፌ የተወሰደውም ንጹሕ ነው።

«ሦስቱም ተስማምተዋል፤ ካንሰር አይደለም» አለ። «ከስድስት ወር በኋላ ደግመን እናየዋለን።»

«ያ ረቢ! ለዚህች ነው እንዴ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ያጣሁት?» ብላ ዘይነባ ሳቀች።

በዚያ ሳቅ ቀናሁ። ወረቀቷን አየሁት፤ የባለቤቴም ወረቀት እንዲሁ ነበር፤ ያው ማህተም፣ ያው የተጣደፈ ፊርማ። እኛ ግን ስንወጣ አልሳቅንም።

ባለቤቴ እብጠቱን ያገኘችው ልጃችንን ቤዛን ስታጠባ ነው። «ወተት ቋጥሮ ነው፤ ሙቅ ጨርቅ ያዢበት» ያልኳት እኔ ነኝ። አምስት ወር ያዘችበት።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

«የቤዛ አባት፣ ተቀየምከኝ?»

«በምን?»

«በመዳኔ።»

ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲያነጥረን ብረቱን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ማን የላከኝ ይመስልሃል?» አለች። «የቤዛ እናት ናት። ልጠይቃት የገባሁ ቀን እጄን ይዛ የራሷን አስነካችኝ። ‹እንዲህ ያለ ነገር ካገኘሽ ቤት ውስጥ ማንንም አታማክሪ፣ ቀጥታ ሐኪም ቤት ሂጂ› አለችኝ።»

‹ማንንም› ያለችው ማንን እንደሆነ እኔም እናንተም እናውቃለን።

ቅናቱ ዛሬም አልለቀቀኝም። የስድስት ወሩን ቀጠሮ ግን ዘይነባ ረስታዋለች፤ ቀን የምቆጥረው እኔ ነኝ።