ኦኬ ከየት መጣ?

(ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት። ልብስ ሰፊው የማያውቀው ነገር የለም፤ ባያውቅም ይናገራል። ልብስ የሚተኩስለት የሚስቱ ወንድም ነው፤ ሰውዬው ሲበዛ ገር ነው። ጠረጴዛው ላይ የሙሽራ ጥቁር ኮት ተዘርግቷል፤ ግድግዳው ላይ ሌላ ጥቁር ኮት ተሰቅሏል።)

ሰፊው፦ ዛሬ ብቻ አሥር ጊዜ «ኦኬ» አልከኝ። ለመሆኑ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ?

ተኳሹ፦ ከአፌ ነዋ።

ሰፊው፦ ወይ መከራዬ! (ካውያውን ይነጥቀዋል) አምጣ ወዲህ! ሙሽራው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይመጣል። ይህ ኮት ቢበላሽ የሃያ ዓመት ስሜ ገደል ገባ ማለት ነው።

ተኳሹ፦ ኦኬ፣ ጋሼ።

ሰፊው፦ ይኸው ደገመው! ስማ፤ ኦኬ የመርከበኛ ቃል ነው። አንድ መርከበኛ ጭነቱን ቆጥሮ ሲጨርስ ሳጥኑ ላይ ሁለት ፊደል ይጽፍ ነበር።

ተኳሹ፦ ለምን ሁለት ብቻ?

ሰፊው፦ ጠመኔው አልቆበት።

ተኳሹ፦ ጋሼ፣ ካውያው በጣም ግሏል...

ሰፊው፦ አታቋርጠኝ! ከዚያ ንጉሡ ዳቦውን ቀምሶ...

ተኳሹ፦ የምን ዳቦ?

ሰፊው፦ መርከበኛው ጡረታ ወጥቶ ዳቦ ጋጋሪ ሆነ አላልኩህም?

ተኳሹ፦ አላሉኝም።

ሰፊው፦ እንግዲህ አሁን አልኩህ!

(ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰክቶ፣ ካውያውን እንደ መርከብ በአየር ላይ ያንሳፍፋል። ወሬ ከጀመረ እጁን አያይም፤ አመሉ ነው።)

ተኳሹ፦ እንግዲያው መጀመሪያ በሌላ ልብስ እንሞክረው?

ሰፊው፦ ኦኬ፣ ኦኬ! የቀረበህን አንጥፍና አፍህን ዝጋ! ንጉሡም ዳቦውን ቀምሶ...

(ተኳሹ ከጠረጴዛው ወደ ግድግዳው ጎንበስ ቀና ብሎ ይመለሳል። ሰፊው ካውያውን ሳያይ ያሳርፋል። ንጉሡ ገና አልዋጠም፣ ቤቱ በጭስ ታፈነ።)

ሰፊው፦ ውይ ውይ ውይ! ኮቱ! ጉድ ሆንኩ! ሙሽራውን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?

ተኳሹ፦ የሙሽራውማ ይኸው ተሰቅሏል፤ ምንም አልሆነ።

ሰፊው፦ (ደረቱን ይዞ) ተመስገን! አንተን የሰጠኝ አምላክ ይመስገን! እና... የተቃጠለው የማን ነው?

ተኳሹ፦ የእርስዎ።

ሰፊው፦ የኔ? ለሰርጉ የምለብሰው?

ተኳሹ፦ አስፈቅጄ እኮ ነው! ሌላ ልብስ ስልዎት፣ ኦኬ፣ የቀረበህን አሉኝ።

ሰፊው፦ አንተ ሰው! ኦኬ ያልኩህ እኮ ሳልሰማህ ነው!

ተኳሹ፦ (ከልቡ አዝኖ) እኔን! ይሄኛውን ትርጉም አልነገሩኝማ፣ ጋሼ።