ቀልዱ በማን ላይ ነው?

ሰው ሁሉ ሲስቅ ዝም የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እንዲህ ያለውን ሰው እጠረጥራለሁ።

በቅርቡ እዚህ ጂንካ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ስብሰባውን በጸሎት ከፈቱና፣ «ቧንቧው የደረቀው በኃጢአታችን ነው፤ ንስሐ እንግባ» አሉን። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ማቴዎስ ተነሥቶ፣ «እንግዲያው የውሃ ቢሮው ይዘጋና ፓስተር ይቀጠርልን» አላቸው። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

አጠገቤ የተቀመጠው የማላውቀው ሰውዬ ግን ፊቱን አልፈታም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ አሁን የቀለደው በማን ላይ ነው? በእግዚአብሔር ነው ወይስ በሊቀመንበሩ?» አለኝ።

ደነገጥኩ። ማቴዎስ ከዚህ ቀደምም በአፉ የተነሣ ታስሮ ያውቃል።

«በእግዚአብሔር ላይ ነው» አልኩት።

ሰውዬው እፎይ አለ። «ይሁን፤ እሱስ ይቅር ባይ ነው» አለኝ።

ማቴዎስም በሰላም ቤቱ ገባ።