ከሰማይ የወደቀው የፈንታው ድንጋይ

ስለ ሰማይ ማውራት እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ! ማን ሄዶ ያጣራል? ስለ ቆቦ ገበያ ማሽላ አንድ ነገር ብል አሥር ሰው ያርመኛል። ስለ ጁፒተር ስናገር ግን ክፍሉ ሁሉ ዝም ብሎ ይጽፋል። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ለዚያች ዝምታ ስል ሥርዓተ ፀሐይን ከተመደበላት ጊዜ በላይ እጎትታታለሁ።

እናላችሁ፣ ክረምቱ ሲወጣ ፈንታው የሚባል እኩያዬ ገበሬ ከዋጃ በኩል በባጃጅ መጣ። ጋቢውን ሲፈታው ዱባ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ወጣ። ማሽላዬ መሃል ከሰማይ ወደቀ አለኝ። ስንት ዓመት ስለ ተወርዋሪ ኮከብ ሳስተምር አንድም ቀን በእጄ ነክቼ አላውቅማ! ከተበላሸ ስፒከር የፈታሁትን ማግኔት አስጠጋሁ፤ ሳበው። አበቃ! ይህ ድንጋይ ከማርስና ከጁፒተር መሃል ተነሥቶ፣ እየነደደ የወረደ ነው አልኩት። ፈንታው ደስ እያለው ሦስት ጊዜ አስደገመኝና ድንጋዩን እኔው ዘንድ ትቶ ሄደ። እኔ ሞኙ ጎበዝ ተማሪ ያገኘሁ መስሎኝ!

በሳምንቱ ሽማግሌዎች ማሳው ዳር ጠሩኝ። ለካ የፈንታው ጎረቤት እትዬ ዘይነባ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት፣ የነቀለው የድንበር ድንጋያችንን ነው ብለው ከሰውታል። ከድንበሩ አልፎ አራት እርምጃ ማሽላ ዘርቷል። እኛ አገር ጎርፍ አፈር ይዞ ወርዶ ድንበር ያለብሳል፤ ስለዚህ ድንበር ሲተከል ከድንጋዩ ሥር ከሰል ይቀበራል። ከሰል አይበሰብስም፤ ምስክር ነው። ድንጋዩ ከሰማይ ከሆነ ግን የእትዬ ዘይነባ መሬት ቀለጠ ማለት ነው። የሰማዩ ምስክር ደግሞ እኔ!

ሰብሳቢው ሼህ እንድሪስ ድንጋዩ የነበረበት ጉድጓድ ይቆፈር አሉ። ተቆፈረ። ከሰል ወጣ።

«አልሐምዱሊላህ! ባሌ በእጁ የቀበረው!» አሉ እትዬ ዘይነባ።

ፈንታው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ታዲያስ! እየነደደ ወረደ አላለም መምህሩ? አፈሩን አክስሎታላ!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ኧረ ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ! ድንጋዩን ለትምህርት ቤቱ አስረክባለሁ ብዬ ለርዕሰ መምህሩ ጉራዬን ነዝቻለሁ። ተሳሳትኩ ብል መሳቂያ ልሆን ነው። ግን እትዬ ዘይነባን አየኋቸው፤ ከሰሏን ጨብጠው አፍ አፌን ያዩኛል። በራሴ አፈርኩ። ተነሣሁና አፈር እንዲህ አይከስልም፣ ይሄ የግራር ከሰል ነው አልኩ። ማግኔትም ቢሆን የተራራችንን ጥቁር ድንጋይ ይስባል፣ ውስጡ ብረት አለበት፤ ጨረቃ ላይ ጠቆር ብሎ የሚታየውም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ጨረቃ ደግሞ...

ሼህ እንድሪስ እጃቸውን አነሡ። «በቃህ ልጄ። ከዚያም ድንበርተኛ እንዳታመጣብን።»

አራቱ እርምጃ ከነማሽላው ለእትዬ ዘይነባ ተመለሰ። ድንጋዩን ተሸክሞ መልሶ መትከል ለእኔ ተፈረደ። ወገቤ ሊበጠስ ሲል እትዬ ዘይነባ ከኋላዬ ያጽናኑኛል።

«አይዞህ ልጄ። ፈንታው አምና ድንበሬን ሲገፋ ጎርፉ ነው አለ። ዘንድሮ ሴት ልጁ አንተ ክፍል ገባች፤ የተማረችውን ማታ ማታ ታነብለታለች አሉ። ወላሂ፣ ይኸው ከሰማይ ነው አለ።»

ምን ልበላችሁ! ይህን ሁሉ ዘመን ሳስተምር፣ ትምህርቴን ሥራ ላይ ያዋለ ሰው ፈንታው ብቻ ነው።